ቃል ኪዳንና አርአያ፤ የአቡነ ያዕቆብና የአባ ገብረ ሚካኤል ዜና ሕይወት በአቃቂ ጎዳና ሲነበብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ወደ ዱከምና ወደ ቢሾፍቱ የሚወርደው ጎዳና የፋብሪካ ዕቃ የሚመላለስበት መንገድ ብቻ አይደለም። ጥቅምት 5 ቀንና መጋቢት 5 ቀን በቀረቡ ጊዜ ከከተማው ወደ ዝቋላ የሚሄደው ሕዝበ ክርስቲያን በዚሁ መንገድ ያልፋል። ተጓዡ የሚሄደው ወደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ በሕዝብ አነጋገር ወደ አቦ ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው ጻድቁ 562 ዓመት በምድር ላይ ኖረዋል፤ እህል አልቀመሱም፤ ልብስ አልለበሱም፤ ገላቸውን የሸፈነው ጠጉራቸው ነበር፤ 60 አንበሶችና 60 ነብሮችም ይከተሏቸው ነበር። ከተጓዦቹ መካከል እንደ አቦ ልኑር ብሎ የተነሣ ሰው ይገኛል ተብሎ አይታሰብም። ሰው የሚሄደው ጻድቁን ለመምሰል ሳይሆን ቃል ኪዳናቸውን ተማምኖ ነው፤ ስእለቱን ያገባል፣ ጠበሉን ይጠጣል፣ ስለ ልጁና ስለ ከብቱ ይለምናል።

በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ በሚኖረው ሕዝብ መካከል፣ ካቶሊካዊው እጅግ ጥቂት ነው። በ2007 የተደረገው ቆጠራ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካቶሊካውያንን ከመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ 0.7 በመቶ ሲያደርጋቸው፣ በአዲስ አበባ ግን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ብቻቸውን ከነዋሪው 74.7 በመቶ ነበሩ። ካቶሊካዊው ከጎረቤቱ ጋር ቡና ይጠጣል፣ በእድር አብሮ ይቀብራል፣ በዝክር ቀን ተጠርቶ ጠላውን ይቀምሳል። ስለ ቅዱሳን ከራሱ መጻሕፍት የሚማረው ግን ሌላ አነጋገር ነው። ቅዱሱ ከሁሉ በፊት የበጎ ምግባር አርአያ ነው፤ ምእመኑም እርሱን እንዲመስል ተጠርቷል ይባላል። እንግዲያስ ለኢትዮጵያዊው ካቶሊካዊ አርአያ ሆነው የቀረቡት ሁለቱ ታላላቅ ሰዎች፣ አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል፣ በእርግጥ ሊመስሏቸው በሚቻል አኳኋን ተጽፈዋልን?

ጥያቄው ከቃላቱ ቢጀመር ይሻላል። ገድል የሚለው ስም ከተጋደለ የወጣ ነው፤ ትግልን ያመለክታል። ትሩፋት ከተረፈ የመጣ ነው፤ ሕግ ከሚጠይቀው በላይ የሆነውን፣ ከልክ ተርፎ የፈሰሰውን ሥራ ይገልጻል። አርአያ ግን ሥሩ ርእየ፣ ማለትም አየ ነው፤ ለማየት የቀረበ፣ ዓይን የሚያርፍበት ምሳሌ ማለት ነው። ስለዚህ ትሩፋት ያለው ሰው ሁሉ አርአያ ነው ማለት አይቻልም። የተረፈው ሥራ እጅግ ከበዛ ተመልካቹ ያደንቃል እንጂ አይከተልም። የኢትዮጵያ ገድል ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ የተረዳው ይመስላል። የገድሉ ዋና ፍጻሜ ጻድቁ ከመሞቱ በፊት ከጌታ የሚቀበለው ቃል ኪዳን ነው፤ ስሙን የጠራ፣ መታሰቢያውን ያደረገ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሠራ እንደሚማር የሚነገርበት ክፍል። ገድሉ አንባቢውን እንደ እኔ ሁን አይለውም፤ ወደ እኔ ተጠጋ ይለዋል። በገዳም ውስጥ የሚነበበው ገድል ለመነኮሳት መማሪያም እንደሚሆን መካድ አይገባም። በባላገሩና በከተሜው ዘንድ ግን የጻድቁ ኃይል ከቃል ኪዳኑ ነው።

የሮማ ቤተ ክርስቲያን አካሄድ ከዚህ ይለያል። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ በተለይም ኡርባኖስ 8ኛ በ1634 ካወጡት ሥርዓት ወዲህ፣ ቅድስና በችሎት መልክ የሚመረመር ጉዳይ ሆነ። ኋላ በነዲክቶስ 14ኛ ተብለው ጳጳስ የሆኑት ፕሮስፔሮ ላምበርቲኒ በ1730ዎቹ ባሳተሙት ሰፊ መጽሐፍ የምርመራውን መመዘኛ አደራጁ። በምርመራው ሰማዕት ያልሆነ ሰው ሃይማኖት፣ ተስፋና ፍቅር፣ ከዚያም ጥበብ፣ ፍትሕ፣ ብርታትና ራስን መግዛት በጀግንነት ደረጃ እንደነበሩት በምስክር መረጋገጥ አለበት። ምልጃና ተአምር አልቀሩም፤ ካቶሊካዊውም ዘጠኝ ቀን ይጸልያል፣ ሜዳልያ በአንገቱ ያንጠለጥላል፣ ለቅዱስ እንጦንዮስ ዘፓዱዋ ስለ ጠፋ ዕቃ ይለምናል። በመዝገቡ ላይ ግን የመጀመሪያውን ቦታ የያዘው ምግባር ነው።

ከዚህ ምርመራ አንድ የአጻጻፍ ችግር ተወለደ፤ ብዙ ጊዜም አይስተዋልም። መርማሪው ማስረጃውን የሚያከማቸው በዘመን ቅደም ተከተል አይደለም፤ በምግባር በምግባሩ ነው። ስለ ትሕትናው አንድ ምዕራፍ፣ ስለ ትዕግሥቱ አንድ ምዕራፍ፣ ስለ ድኽነቱ አንድ ምዕራፍ ይከፈታል። ለምእመናን የሚዘጋጁት የጸሎትና የታሪክ መጻሕፍት ይህንኑ ልማድ ሲከተሉ፣ በ1840 የተፈጸመው ነገርና በ1858 የተፈጸመው ነገር በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሰውዬው በመካከሉ ምን እንደ ተማረ፣ ምን እንደ ተሳሳተ፣ ምን እንዳዘነ አይታወቅም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ሥላሴን አመሰገኑ ከሚለው ትረካ ይህ አጻጻፍ ብዙ አይርቅም፤ በሁለቱም ዘንድ ቅዱሱ አያድግም። ልዩነቱ ገድሉ ምሰለኝ ብሎ አለመጠየቁ ነው። የምግባር መጽሐፍ ግን ይጠይቃል፤ የማያድግን ሰው ደግሞ በማደግ ላይ ያለ ሰው በምን መንገድ ይመስለዋል?

አቡነ ያዕቆብ፣ በትውልድ ስማቸው ዩስቲኖ ዴ ያቆቢስ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1800 በደቡብ ኢጣልያ፣ ሳን ፌሌ በምትባል የተራራ መንደር ተወለዱ። በ1818 የቅዱስ ቪንሴንሶስ ማኅበር ወደሆነው ወደ ላዛሪስቶች ገቡ፤ በ1824 ቅስና ተቀበሉ፤ በ1839 የኢትዮጵያ ሐዋርያዊ አስተዳዳሪ ተብለው ወደ አድዋ መጡ። ያገኙት አገር ስለ ፍራንክ ካህን የነበረው ትዝታ መራራ ነበር፤ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደምና የ1632ቱ ለውጥ ገና አልተረሱም። በጥር ወር 1840 በአድዋ ለጥቂት ሰዎች ያደረጉት የመጀመሪያ ንግግር የሃይማኖት ክርክር አልነበረም፤ ስለ ፍቅርና ስለ አገልግሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት የአገሩን መነኩሴ ልብስ ለብሰው፣ በእግራቸው እየተጓዙ፣ የአገሩን ምግብ እየበሉ፣ ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ እየተማሩ ኖሩ። ለተከታዮቻቸው የላቲኑን ሥርዓት አልጫኑም፤ የግዕዙ ቅዳሴ እንዲቀጥል አደረጉ። በጥር 1849 በምጽዋ በአቡነ ማስያስ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ፤ በ1854 በጎንደር ታሰሩ፤ ሐምሌ 31 ቀን 1860 ከምጽዋ ቆላ ወደ ሐላይ ሲወጡ በአሊገዴ ሸለቆ በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ ሄቦ ተቀበሩ። ጳውሎስ 6ኛ ቅድስናቸውን ያወጁት ጥቅምት 26 ቀን 1975 ነው።

ከሁሉ የተሻለው የሕይወታቸው ምስክርነት ተማሪያቸው የነበሩት የአድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት ያቆዩት ነው። ይህ ጽሑፍ በ1914 በፓሪስ በፈረንሳይኛ ሲታተም ርእሱ ራሱ ከሐዋርያዊ ሕይወቱ የተወሰዱ፣ በዓይን ምስክር የተነገሩ ትዕይንቶች ይል ነበር። ትዕይንት የሚለው ቃል ብዙ ነገር ያስረዳል። አባ ተክለ ሃይማኖት ገድል አልጻፉም፤ በመጨረሻው ለአንባቢው የሚከፈል ቃል ኪዳን የለም። የምግባር መዝገብም አልጻፉም፤ ያዩትን በአየበት ዕለትና ቦታ አኖሩት። ጸሐፊው የሚያውቁት ሽማግሌ መምህር እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ከተማሪው ጋር እንዴት እንደሚበላ፣ ሲሳደቡበት እንዴት ዝም እንደሚል ነው። ለአርአያነት የሚጠቅመውም እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው። ዓይን የሚያርፍበትን ነገር አግኝቷልና። ኢትዮጵያዊ ስለ መምህሩ የሰጠው ምስክርነት ወደ ሰፊው ዓለም የወጣው በባዕድ ቋንቋ መሆኑ ያሳዝናል። በብዛት የተሠራጨው ግን ትዕይንቱ ሳይሆን ከትዕይንቱ የተጨመቀው የምግባር ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ የሚያልፈው ነገርም አለ። አቡነ ያዕቆብ በደጃዝማች ውቤ ጥላ ሥር የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ውቤ በ1855 በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ድል በሆኑ ጊዜ የካቶሊካውያኑ ዕድል አብሮ ተገለበጠ። በኋላም የውቤ ወገን የሆነው አገው ንጉሤ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ሲላላክ፣ በ1859 መጨረሻና በ1860 መጀመሪያ ኮንት ረስል የተባለው መልእክተኛ ወደ ሐላይ በመጣ ጊዜ፣ ሽማግሌው ጳጳስ በነገሩ መካከል ነበሩ። ዶናልድ ክረሚ በ1972 ስለ ሚሲዮናውያንና ስለ ፖለቲካ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ክፍል ከመዛግብት አውጥተው አሳይተዋል። የምግባር መጻሕፍት ግን ከፖለቲካው በላይ እንደ ደመና ያንሳፍፏቸዋል። እንዲህ ማድረግ ለቅዱሱ ክብር አይጨምርም። ደካማ ወዳጅና ጉልበተኛ ጠላት በከበቡት ጊዜ ሰው ምን ይመርጣል የሚለው ጥያቄ የምግባር ጥያቄ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። ጥበብን ከሰባቱ አንድ ብሎ የቆጠረ መርማሪ፣ ጥበብ የተፈተነችበትን ዓመት ሊዘል ባልተገባ ነበር።

የአባ ገብረ ሚካኤል ነገር ከዚህ የጠለቀ ነው፤ እርሳቸው የአገሩ ሊቅ ናቸውና። በ1791 ግድም በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ዲቦ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። በሕፃንነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። በመርጡለ ማርያም መነኰሱ፤ ወደ ጎንደር ወጥተው በትምህርት ከበሩ፤ የምንኵስና ሥርዓት ስለምን ደከመ በማለት ከገዳም ወደ ገዳም መጻሕፍት ሲፈልጉ ዞሩ። በ1841 ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች ሲልኩ አብረው ሄዱ፤ አቡነ ያዕቆብን ያወቁት በዚያ ጉዞ ነው። በእስክንድርያው መንበር የተሾሙት ወጣቱ አቡነ ሰላማ ሲሆኑ፣ አባ ገብረ ሚካኤል በዕድሜያቸው ማነስ ቅር ተሰኝተው ነበር። ከመልእክተኞቹ ጋር ሮማ ደረሱ፤ ጎርጎርዮስ 16ኛን አዩ፤ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ ወዲያው ግን አልተለወጡም። ወደ ካቶሊክ ኅብረት የገቡት በ1844 ነው፤ ቅስና የተቀበሉት በ1851 ነው። በመካከሉ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ተቀምጠው የትምህርት መጻሕፍት ወደ አገሩ ቋንቋ መለሱ። በጎንደር ታስረው ተገረፉ፤ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ተከትለው በሰንሰለት ሲጎተቱ ነሐሴ 28 ቀን 1855 ጨረጫ ገባባ በተባለ ስፍራ ሞቱ። ፒዮስ 11ኛ ጥቅምት 3 ቀን 1926 ሰማዕት ብለው የብፅዕና ማዕርግ ሰጧቸው።

ስለ እርሳቸው በሰፊው የጻፉት በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን የኖሩት ፈረንሳዊው ላዛሪስት ዣን ባቲስት ኩልቦ ናቸው። የመጀመሪያው መጽሐፋቸው በ1902 ወጣ፤ ሁለተኛው ከሞቱ በኋላ በብፅዕናው ዓመት በ1926 ታተመ። የሁለተኛው ርእስ "ወደ ብርሃን" የሚል ነው። ኩልቦ አገሩን የሚያውቁ፣ ምስክሮቹን የጠየቁ ሰው ስለሆኑ ያለ ሥራቸው ስለ አባ ገብረ ሚካኤል ብዙ ባልታወቀ ነበር፤ ይህ ውለታ ሊነሣባቸው አይገባም። ርእሱ ግን መጽሐፉን አጣምሞታል። ብርሃኑ በ1844 ከሆነ ከዚያ በፊት የነበሩት ሃምሳ ዓመታት ምንድን ናቸው? አንድ ዓይን ያለው የጎጃም ተማሪ መጽሐፍ እንዲመረምር፣ መልስ ባጣ ጊዜ እንዳይተኛ፣ በሊቃውንት ፊት ቆሞ እንዲጠይቅ ያስተማረው ማን ነው? የአባ ገብረ ሚካኤል ዋና ትሩፋት፣ ከሰንሰለቱም የሚቀድመው፣ ለእውነት ተቅበዝባዥ መሆናቸው ነው፤ ይህንንም ያገኙት ከመርጡለ ማርያምና ከጎንደር ጉባኤ ቤት ነው። ሮማን አይተው እንኳ ሦስት ዓመት መቆየታቸውን እንደ መዘግየት የሚቆጥር ጸሐፊ፣ ያከበረውን ሰው ከሁሉ በሚያስከብረው ጠባዩ አላወቀውም።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የአቡነ ሰላማ ሥዕል ነው። በካቶሊካዊው ትረካ አቡነ ሰላማ የጭካኔ ምሳሌ ሆነው ይቀርባሉ። እስራቱና ግርፋቱ በታሪክ የታወቁ ናቸው፤ መሸፋፈን አያስፈልግም። ነገር ግን በገዛ መንበራቸው ላይ ሌላ ጳጳስ ተሹሞ ያዩ፣ በዐፄዎቹ ዘመን ስለሆነው የሰሙ ጳጳስ ምን እንደ ፈሩ ካልተነገረ፣ ሰማዕቱም ሰው ሆኖ አይታይም፤ ከጨካኝ ጋር የተጋጠመ ምስል ብቻ ይሆናል። ይህ ጉድለት የአንድ ወገን አይደለም። በ1672 የተጻፈውን ገድለ ወለተ ጴጥሮስ የሚያነብ ሰው ተቃራኒውን ሥዕል ያገኛል፤ በዚያ ጻድቋ ከሱስንዮስ ሃይማኖት የሸሸች ተጋዳይ ስትሆን አሳዳጆቹ የሮማ ወገኖች ናቸው። በ1638 በጎንደር የተሰቀሉት ሁለት ካፑቺኖች፣ አጋታንጀሎና ካሲያኖ፣ በ1905 በሮማ ብፁዓን ተባሉ። ሁለቱ ሥነ ጽሑፎች እንደ መስተዋት ፊት ለፊት ቆመዋል፤ የአንዱ ቅዱስ በሌላው ዘንድ ያለው ቦታ ይታወቃል። በአቃቂ ግን እነዚህ ሁለት መስተዋቶች የተሰቀሉት በአንድ የጋራ ግድግዳ ግራና ቀኝ ነው።

ጸሐፊዎቹ ሳያስተውሉት የቀሩት አገርኛ መንገድም ነበር። በኢትዮጵያ ገድላት ውስጥ ንጉሥንና ጳጳስን ፊት ለፊት የተናገረ፣ የተገረፈ፣ በሰንሰለት የተሰደደ መነኩሴ እንግዳ አይደለም። በዐምደ ጽዮን ዘመን የነበሩት በጸሎተ ሚካኤልና አኖሬዎስ የሚታወቁት በዚህ ነው። ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የደቂቀ እስጢፋኖስ ነው፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ስለ ሕሊናቸው በዘርዐ ያዕቆብ ሸንጎ የቆሙት እነዚህ መነኮሳት ማዕከላቸው በዓጋመ ጉንዳ ጉንዴ ነበር፤ ይኸውም አቡነ ያዕቆብ ትምህርት ቤት ካቆሙባት ከጐላ ብዙ የማይርቅ አገር ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ወደ አማርኛ መልሰው ካሳተሙ ወዲህ ማንኛውም ተማሪ ሊያመዛዝነው ይችላል። አባ ገብረ ሚካኤል ከፓሪስ ብርሃን ይልቅ በእነዚህ ሰዎች ረድፍ ቢቆሙ፣ ኦርቶዶክሳዊውም ጎረቤት የሃይማኖቱን ውሳኔ ሳይቀበል ሰውየውን ያውቃቸው ነበር።

አርአያ ብቻ ሆኖ መቅረት የቦታም ምክንያት አለው። አባ ገብረ ሚካኤል ሰው የሚሳለመው መቃብር የላቸውም፤ በመንገድ ዳር ተቀበሩ፤ ቦታውም ጠፋ። አቡነ ያዕቆብ በሄቦ መቃብር አላቸው፤ ሄቦ ግን በኤርትራ ነው፤ በ1998 ጦርነት ከተነሣ በኋላ ለሃያ ዓመት ከኢትዮጵያ የሚሄድ ተሳላሚ ድንበሩን ማለፍ አልቻለም፤ በ2018 የተከፈተውም የየብስ መንገድ ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በዝቋላ የተጓዡ እግር የሚያደርገውን፣ ለእነዚህ ሁለቱ የአንባቢው ዓይን ብቻ ሊያደርገው ግድ ሆነ። መጽሐፉ የመቃብሩን ቦታ ስለ ያዘ የጽሑፉ ጥራት ለምእመኑ ተራ ነገር አይደለም።

አርአያ ለተመልካቹ ልክ እየተሰፋ መሄዱን ለማየት የቅዱስ ዮሴፍን ነገር መመልከት ይበቃል። በኢትዮጵያ ስንክሳር ሐምሌ 26 ቀን የሚታሰበው ዮሴፍ ሽማግሌ ጠባቂ ነው፤ ፒዮስ 12ኛ በ1955 በሜይ 1 ቀን ያቆሙት ዮሴፍ ግን ክንዱ የጠነከረ አናጢ፣ የሠራተኛ አርአያ ነው። የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ሠራተኛ በሞላበት በአቃቂ ይህ ዮሴፍ የተመቸ ይመስላል። ሆኖም ስለ ሥራው የተጻፈ አንድ ትዕይንት ስለሌለው፣ ሠራተኛው ከእርሱ የሚያየው የራሱን መጥረቢያ ብቻ ነው። አቡነ ያዕቆብ ከዚህ የተሻለ ነገር አላቸው። አቃቂ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርባት ሰፈር ናት፤ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዶርዜው በአንድ ፋብሪካ በር ይገባሉ፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ በሥራ ላይ ይማራል። አርባ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ እንደ ሕፃን ፊደል የቈጠሩ፣ ባዕድ ሥርዓት አምጥተው ከመጫን የአገሩን ሥርዓት መማር የመረጡ ሰው እዚህ ሰፈር ሳይተረጎሙ ይነበባሉ። ይህ ምግባር ከሰባቱ በየትኛው ስም እንደሚመዘገብ መርማሪዎቹ ይወቁት፤ ሠራተኛው ግን ያውቀዋል።

የላዛሪስቶች ማኅበር የአባ ገብረ ሚካኤልን መታሰቢያ የሚያደርገው ኦገስት 30 ቀን ነው። ይህ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 24 ሲሆን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የዕረፍት በዓል ይውልበታል፤ የግዕዙን ሥርዓት የያዘው ካቶሊካዊም እኒህን ጻድቅ ያከብራል። በዚያ ዕለት በአቃቂ ቃሊቲ ከአንዱ ቤት ገድለ ተክለ ሃይማኖት ሲነበብ፣ ከሚቀጥለው ቤት የጎጃሙ ሊቅ ዜና ሊነበብ ይችላል፤ ዝክሩም በአንድ ግቢ ይቀመሳል።